አዲስ አበባ ላይ የቤት ዕቃ ማሠራት፦ እጁ በስሏል፣ እንጨቱ አልደረቀም

ከሜሪላንድ ለአምስት ሳምንት መጥተን ያሠራነው ዕቃ ይህ ነው፦ 180 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ የምግብ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ ባለ ሦስት በር የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ሰሌዳ) ቁም ሣጥን እና ሁለት ረከቦት። ጠረጴዛው፣ አራቱ ወንበሮችና ቁም ሣጥኑ እዚያው ቤተሰብ ዘንድ ይቀራሉ፤ ሁለት ወንበርና ረከቦቶቹ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ገንዘቡ የተከፈለው ለአምስት ባለሙያ ነው፦ ለጣውላ ሻጭ፣ ለማሽን ቤት፣ ለአናጢ፣ ለቀለም ቀቢና ለጫኝ አውራጅ። ነጥብ ስንሰጥ አናጢው ከሁሉም ይበልጣል፣ ጣውላ ሻጩ ከሁሉም ያንሳል። አናጢ ላይ የሚወርደው ወቀሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጣውላው ጥፋት ነው።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው የልጆችን ትምህርት ቤት መዘጋት ስለሚጠብቅ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደርሳል። ለእንጨት ሥራ ከዚህ የከፋ ወር የለም። እንጨት ተቆርጦም የአየሩን እርጥበት እየጠጣና እየተፋ ይኖራል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ገደማ ሆኖ ሲሰነብት ጣውላው ውስጥ 16 በመቶ ያህል ውሃ ይኖራል፤ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9 ይወርዳል፤ በብርድ ወራት ማሞቂያ ቀን ከሌት በሚሠራበት የሜሪላንድ ወይም የሚኒሶታ ቤት ደግሞ ወደ 6 ይጠጋል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ ከ16 ወደ 6 ሲወርድ በወርዱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። በቁመቱ ግን የሚለወጥ የለም ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ የሚሰነጠቀው በወርዱና በቁመቱ መካከል ባለው በዚህ ልዩነት ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ጣውላውም ደርቆ ይጠብቀዋል፣ ቀለሙም በአንድ ቀን ይደርቃል።

ጣውላው የተገዛው መርካቶ ነው። ሻጩ ትሁት፣ ፈጣን፣ ዋጋውም እንደ ሰፈሩ ነበር፤ ብቻ ለጥያቄ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ደረቅ ነው፣ አያስቡ።» የእርጥበት መለኪያ ባለ ሁለት መርፌ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ከውጭ ይዞ መምጣት ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። አለካኩ ግን ወሳኝ ነው። የጣውላው ጫፍና ገጽ ቀድሞ ስለሚደርቅ እዚያ ላይ የተነበበ ቁጥር ያታልላል። ከጫፉ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ አስቆርጦ አዲስ የተቆረጠውን ገጽ መሃሉ ላይ መውጋት ነው። በዚህ መንገድ ገጹ 13 ያሳየው ጣውላ ውስጡ 21 ሆኖ ተገኘ። መለኪያ የሌለው ሰው ከመሃል አንድ ቁራጭ ወስዶ በቅመም ሚዛን ይመዝን፣ 103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቀውና እንደገና ይመዝን። 212 ግራም የነበረው 188 ከሆነ፣ የጠፋው 24 ለ188 ሲካፈል 12.8 በመቶ ይሆናል። እዚያው ለሚቀር ዕቃ 12 ይበቃል፤ ለሚሻገር ግን ከ10 በላይ የሆነ ጣውላ ባይገዛ ይሻላል።

ሁለተኛው ጣጣ ስሙ ነው። ሁሉም ቡናማ ጣውላ ዋንዛ አይደለም። ቀረሮና ግራቪሊያ ጥቁር ቀለም ተቀብተው በዋንዛ ዋጋ ይሸጣሉ። የዋንዛ ልብ ከወርቃማ ቡናማ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ሲያነሱት ቀለል ይላል፣ ቅርፊቱ አጠገብ ያለው ክፍል ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ያንን ነጩን ክፍል ነቀዝ ስለሚወደው ማስቆረጥ ያስፈልጋል። ያለቀ ዕቃ ሲገዛ ከሥሩ፣ ቀለም ያልነካውን ቦታ በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርጎ ማየት በቂ ነው። ዝግባ ቢጫማ ነጭና ልስልስ ነው፤ ለመሳቢያ ውስጥ ይሆናል። ጥድ ሽታው ለልብስ ሣጥን ጥሩ ነው፣ ግን ቀድሞ ሳይበሳ ምስማር ከተመታበት ይተረተራል። ባሕር ዛፍ ለወንበር እግር የሚያቀርብ ሰው ካለ እምቢ ማለት ነው፤ ሲደርቅ ይጠመዘዛል።

ሕጉም አይዘንጋ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ የደን አዋጅ ተተክቷል። ሕጋዊው ዋንዛ የገበሬ ማሳና የቡና ጥላ ዛፍ ነው፤ ከዚህም ከዚያም ጥቂት በጥቂት ስለሚሰበሰብ አንድ ክምር ውስጥ የአምና ጣውላና ያለፈው ወር ጣውላ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ስለዚህ አንዱን ለክቶ በሌላው መተማመን አይቻልም። በልማድ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አየር ላይ ለመድረቅ አንድ ዓመት ይፈልጋል ይባላል።

ማሽን ቤቱ ጥሩ ሠርቷል፣ መብራት እስካለ ድረስ። ጄኔሬተር አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ ከመጠየቅ ይቅደም። 2.5 ሳንቲ ተብሎ የተገዛ ጣውላ በሁለት በኩል ተልጎ 20 ወይም 21 ሚሊ ይቀራል፤ 25 ሚሊ የሚፈልግ ሰው የ3 ሳንቲውን ይግዛ። ማሽኑ የጣውላውን መጀመሪያና መጨረሻ 5 እና 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ አድርጎ ስለሚበላ ርዝመቱን 15 ሳንቲ ትርፍ ማስቀረት ያስፈልጋል። ቢላዋው ከደነዘዘ ገጹ ላይ ሞገድ ይተዋል፤ በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ግን ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን ፍንትው ይላል። ሰርኩላሩ (ክቡ የማሽን መጋዝ) ብዙ ቦታ መከለያ የለውም። አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ማንሳት የሚወድ እንግዳ ከምላጩ ፊትና ኋላ ገለል ብሎ ይቁም፣ የተያዘ እንጨት ወደ ኋላ ይወረወራልና።

አናጢው ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ማሽኑ የተወውን ሞገድ በእጅ መላጊያ አነሣው፣ የሁለቱን ጣውላ ጠርዝ አጋጥሞ ወደ ብርሃን ያዘና ብርሃን የገባበትን እንደገና ላገ። መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ የማይሞላ ክፍተት ትቶ ሁለቱ ጫፎች እንዲነካኩ አደረገ፤ ጫፎቹ ቀድመው ስለሚደርቁና ስለሚጠቡ እንዲህ የተጋጠመ ገበታ ጫፉ ላይ አይከፈትም። ይህን ሳይነገረው የሚያደርግ ሰው ማግኘት በየትም አገር ቀላል አይደለም። ገበታው ከስድስት ባለ 15 ሳንቲ ጣውላ ተሠራ፤ ወርዳቸው ከዚህ ቢሰፋ ኖሮ ይጎብጡ ነበር። የጎደለው ሞርሳ፣ ማለትም ኮላው እስኪደርቅ ጣውላውን አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ለ180 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ ስድስት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቀ መታሰር አለበት፤ ቤቱ ያለው ሦስት ነበር፣ የቀረው በገመድና በሽብልቅ ተሞላ። ሠርቷል፤ ነጩ ኮላ በመጋጠሚያው ሁሉ በእኩል ጠብ ጠብ ሲል ታይቷልና። የማይንጠባጠብበት ቦታ ካለ ወይ ኮላ አንሷል ወይ ግፊት። ለ24 ሰዓት ሳይነካ ማስቀመጥ ግን ልመና ጠይቋል።

እግሩንና ከገበታው ሥር እግሮቹን የሚያያይዘውን ማቀፊያ በወንዴና ሴቴ (የአንዱ ምላስ በሌላው ጉድጓድ በሚገባበት መጋጠሚያ) አጋጠመው፦ እግሩ 7 በ7 ሳንቲ፣ ማቀፊያው 3 ሳንቲ ውፍረት፣ ወንዴው የማቀፊያው አንድ ሦስተኛ ማለትም 1 ሳንቲ፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲ። ሴቴው በትራፓኖ ተበስቶ በመሮ ተጠረበ። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ፤ ልኩ ይህ ነው። በመዶሻ የሚገባ ወንዴ ኮላውን ጠርጎ ያወጣዋል።

ስህተቱ የመጣው ገበታውን ከማቀፊያው ጋር ሲያያይዝ ነው። ልማዱ ዙሪያውን ኮላ ቀብቶ በብሎን ማጥበቅ ነው፤ እንዲህ የታሰረ ገበታ ለመጥበብ ቦታ ስለሚያጣ መሃሉን ይሰነጠቃል። መፍትሔው ኮላ አለመጠቀምና በወርድ አቅጣጫ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆን 5 በ15 ሚሊ የሆነ ሞላላ ማድረግ ነው፣ ከሮንዴላ ጋር። ሲነገረው ወዲያው ገባው፤ «እሱማ እኔም በሮች ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው» አለና በግማሽ ቀን አስተካከለው። ዕቃው ገና ሳያልቅ አንድ ጊዜ ሄዶ ገልብጦ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወንበሮቹ ላይ ነጥብ ቀንሰናል። የኋላ እግርና የጎን ማቀፊያ የሚገናኙበት ቦታ ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ ሙሉ ሸክሙን ይቀበላል። ከስድስቱ ሁለቱ እዚያ ቦታ በምስማር ተጋጥመው ተገኙ፣ ክፍተቱም በሰጋቱራና በኮላ ተሞልቶ ነበር። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢሆን አይታይም ነበር። ደግሞ ወንበር የሚሞከረው ወጣ ገባ በሌለው ወለል ላይ ነው፤ የአናጢ ቤት ወለል ላይ ሁሉም ወንበር ይወዛወዛል ወይም ሁሉም ያልተወዛወዘ ይመስላል። ልኩም በስልክ ፎቶ ብቻ አይሰጥ። መቀመጫ 45፣ ጠረጴዛ 75 ሳንቲ ሜትር ብሎ በወረቀት መጻፍ፤ በኢንች የተጻፈ ሥዕል ከመጣ ቀድሞ መተርጎም።

ቁም ሣጥኑ ፈጣን ሥራ ነው፤ ብዙ አያስወራም። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ጀርባው 3 ሚሊ። 210 ሳንቲ ለሚረዝም በር አራት ማጠፊያ፤ ሦስት ካደረጉ በሁለት ዓመት በሩ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ብሎን ከመግባቱ በፊት በ3 ሚሊ መብሻ ካልተበሳ ሰሌዳው ለሁለት ይከፈታል። ጥሩ ማጠፊያና የመሳቢያ ሃዲድ ከውጭ ይዞ መምጣት ያዋጣል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብሎን፣ ኮላና ቫርኒሽ ዋጋው ስለሚዋዥቅ አናጢው «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ነው» ቢል ማጭበርበር አይደለም። እኛ ቀብዱን ከፍለን ጣውላውንና ማያያዣውን በራሳችን ገዛን፤ ክርክሩ የእጅ ዋጋ ላይ ብቻ ቀረ።

መሣሪያ በስጦታ መስጠት ለሚያስብ፦ የአሜሪካ ባለ ገመድ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ እዚያ መስመሩ 220። ሰክተውት በደቂቃ ይጨሳል። በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ብቻ ይሂድ። የአውሮፓው ያለ ጣጣ ይሠራል።

ቀለም ቀቢው ሥራውን ያውቃል፣ ዝናቡ ግን አልተወውም። በእርጥብ ቀን በመርጫ የተረጨ ላከር (በቲነር የሚቀጥን ቫርኒሽ) ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ ጤዛ ይይዝና እንደ ወተት ይነጣል። ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትወጣ ይረጭ። አሠራሩ በ120 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180፣ በ220 ማለስለስ፣ አንድ እጅ መርጨት፣ በ320 መንካት፣ ሁለት እጅ መድገም ነበር። የፈሰሰ ኮላ ያልተፋቀበት ቦታ ቀለም ስለማይጠጣ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የገበታው ሥርም ይቀባ። ላዩ ብቻ ከተቀባ ሥሩ እርጥበት እየሳበ ገበታው ይጎብጣል። እኛ ዘንድ ሥሩ ሳይቀባ ቀርቦ ተመልሷል። ለረከቦት ላከር አይሁን፤ ትኩስ ጀበናና የፈሰሰ ቡና ያነጡታል። ሦስት እጅ ፖሊዩሬታን ይሻላል።

ስለሚሻገረው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ የሚያምር ዕቃ ነው፣ ግን የዛፉ እምብርት ውስጡ ከቀረ ማሞቂያ ባለበት ቤት ከእምብርቱ ወደ ውጭ ይሰነጠቃል፤ እምብርቱ ከመቀመጫው ውጭ የሆነውን መምረጥ ነው። አሮጌ የሚመስል ዕቃ ቅርስ ነው ተብሎ አየር ማረፊያ ላይ እንዳይጠየቅ የግዢ ደረሰኝ ይያዝ። ሻንጣ ሲታሰብ የሚያስቸግረው 23 ኪሎው ሳይሆን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር አለመብለጡ ነው። ሁለቱ ወንበሮች ለዚህ ሲባል ያለ ኮላ፣ በ8 ሚሊ ባለ ዳዶ ብሎን ተገጠሙ፤ ቀዳዳው 9 ሚሊ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በመሮ ሀ ከሀ፣ ለ ከለ ተብሎ ተቀርጾበታል። የጀርባው ክፍል 95 በ45 በ12 ሆኖ ታሸገ፣ ድምሩ 152። በካርጎ የሚልክ ሰው ሣጥኑን ከኮምፔርሳቶ ያሠራ፤ ከተራ ጣውላ ከሆነ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ስለመሞቁ ዓለም አቀፉ ማኅተም ይጠየቃል።

የመጨረሻው ክፍያ ለጫኝ አውራጅ ነው። ዋጋውን አይሱዙው ሳይንቀሳቀስ፣ ፎቁንም ነግሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። ውድ ነበሩ፤ ግን ቁም ሣጥኑን ገና ሳያወርዱ አንዱ ልጅ «ይሄ ተኝቶ ከገባ አይቆምም» አለ። ትክክል ነው፤ ከፍታው 240፣ ጥልቀቱ 60፣ ሰያፉ 247 ከግማሽ ገደማ፤ የክፍሉ ጣራ ደግሞ 245። አናጢውም እኛም አላሰብነውም። ጎንና ጎኑ ተፈትቶ ገባ፣ እዚያው ቆሞ ተገጠመ።