ጌም ላፕቶፕና የቤት ሰርቨር ለምታሠሩ፦ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ

መገናኛ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ሠሪ አለ። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል። "ስልኬ አያስቀምጠኝም" ነው ያለኝ። ስለዚህ ሥራውን ልንገራችሁ፣ አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ቤታችን ውስጥ ሁለት የሚያስቸግሩ ማሽኖች ነበሩ። አንዱ የኔ ላፕቶፕ ነው። ቀን የሕንፃ ዲዛይን እሠራበታለሁ፣ ማታ ጌም እጫወትበታለሁ። ግራፊክሱ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ 4 ጊጋ። ጌሙ ገና ከመጀመሩ ፋኑ ይጮሃል፣ ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይወርዳል፣ ስክሪኑ መንተባተብ ይጀምራል። ሁለተኛው ወንድሞቼ ሳሎን ጥግ ያቆሙት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። "የማይንክራፍት ሰርቨር ነው፣ እንዳይጠፋ" ተብሎ ሌት ተቀን ይበራል፤ ልጆቹ ማይንክራፍት የሚባለውን የግንባታ ጌም አብረው የሚጫወቱት በሱ በኩል ነው። ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ካርዱን የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ።

እሱ ጋ ከመሄዴ በፊት ሌላ ቤት ጠይቄ ነበር። "ግራፊክሱን አውጥተን አርቲኤክስ 3060 ካርድ እንገጥምልሻለን፣ ቀብድ ክፈይ" አሉኝ። ቤቱን አልጠራም። ይህን ለመገናኛው ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ ሳቀ። ከዚያ "እስቲ መጀመሪያ ቻርጀሩን አሳዪኝ" አለ።

ቻርጀር ምን አገባው ብዬ ሰጠሁት። ዋናው ቻርጀር ከተቃጠለ በኋላ የተገዛ ነው፤ "ያው ነው፣ ይሠራል" ተብሎ የተሸጠልኝ። ላፕቶፑን ገለበጠና ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሴ እንዳነብ አደረገኝ። 19.5 ቮልት፣ 7.7 አምፒር። ቻርጀሩ ላይስ? 19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፒር። "አባዢው" አለኝ። ማሽኑ የሚፈልገው 150 ዋት ነው፣ እኔ የማበላው 90። ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፣ ባትሪም ይሞላል። ጌም ሲከፈት ግን ላፕቶፑ ኃይል እንዳነሰው ስለሚያውቅ ራሱን ይቀንሳል። ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ የችግሩን ግማሽ አገኘው ማለት ነው።

ከዚያ ፈታው። ፋኑና የመዳብ ክንፎቹ መሃል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በፒንሴት ይዞ ሲስበው አንድ ላይ ተላጠ። ከሥሩ ያለው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቆ ፍርክስክስ ብሏል። አጸዳ፣ አዲስ ፔስት ቀባ፣ የሜሞሪዎቹን ፓድ ቀየረ። እግረ መንገዱንም ቦርዱን አሳየኝ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። "እዚህ ጋ ምኑን ነው የሚነቅሉት?" አለኝ። ድሮ ኤምኤክስኤም የሚባል ተነቃይ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ነበሩ። አሁንም ፍሬምወርክ 16 የሚባለው ግራፊክሱ ከኋላ ተነቅሎ ይቀየራል። የኔ ከሁለቱም አይደለም። ያን ቀብድ ብከፍል ኖሮ ምን ይዤ እንደምመለስ እንጃ።

ራሙም አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ነበር፣ ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶውን። ሌላ 8 ጨመረበት። መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያገኝበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። ከዚያ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የግራፊክሱን ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ አደረገና ፍሬሙን 60 ላይ ገደበው። ጌሙን በትንሽ ምስል ሠርቶ አጉልቶ የሚያሳየውን ዲኤልኤስኤስ እንዲከፍትልኝ ጠይቄው ነበር። ዲኤልኤስኤስ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርድ ይፈልጋል አለኝ። ተመሳሳዩ ኤፍኤስአር ግን በኔም ይሠራል፣ እሱን ከፈተልኝ። በፊት 87 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ግራፊክስ አሁን 74 ላይ ይቆማል። ያው ጌም፣ ጌሙ ውስጥ ያው ቦታ፣ ከ40 በታች ይወርድ የነበረው ፍሬም 60 ላይ ተቀምጧል።

እኔ ግን ልቤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ላይ ነበር። "ውጭ የሚቀመጥ ግራፊክስስ?" አልኩት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ መልሱ ነው። ላፕቶፔ ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን መሰኪያ የለውም። በኤስኤስዲው ቀዳዳ፣ በኤም ዶት ቱ በኩል ገመድ አውጥቶ ካርድ ማገናኘት ይቻላል። ይሠራልም። ግን የላፕቶፑ ሆድ ክፍት ሆኖ መኖር አለበት፣ ካርዱ የራሱን ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል፣ ምስሉንም በዚያው ቀጭን መንገድ ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ከመመለስ የተለየ ሞኒተር ቢኖርሽ ይሻላል አለኝ። ይህን ሁሉ ሌላ ቦታም አንብቤዋለሁ። የሚቀጥለውን ግን የትም አላየሁም።

"መብራት ሲሄድስ? ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል። ካርዱ ግን እዚያው ቀጥ ይላል። ከነጌሙ፣ ከነሥራሽ ፍሪዝ ነው የሚያደርገው።"

ካርዱንም ፓወር ሰፕላዩንም የሚሸጠው እሱ ነው እኮ! አፉን ዘግቶ ቢሸጥልኝ ደስ ብሎኝ ነበር የምከፍለው። ይህን ስለው "ከሸጥኩልሽ በኋላ ዓመት ሙሉ ስልክሽን የማነሳው እኔው ነኝ" አለኝ። ካርድ ካማረሽ አጠራቅመሽ ዴስክቶፕ ሥሪ፣ ያኔም ከፍጥነቱ ጋር የሚበላውን ዋት እዪ ብሎኛል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 የ170 ዋት ካርድ ነው። 4060 ደግሞ ከሱ ፈጣን ሆኖ ሳለ 115 ዋት ነው። ሜሞሪው ግን 12 የነበረው ወደ 8 ጊጋ ወርዷል፤ ለኔ ሥራ ይህም ቀላል አይደለም።

ዋት ሲባል የሳሎኑ ጉድ ትዝ አለኝና ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ከቦርሳው አወጣ። ማንም ሳይጫወት 85 ዋት። በቀን 24 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲመታ 61 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው። አጠቃቀም ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ወንድሞቼ ዝም አሉ።

ዴስክቶፑ ውስጥ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ነበረበት። "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?" አለ። የማይንክራፍት ሰርቨር ምስል አይሥልም። ምስሉን የሚሥለው የያንዳንዱ ተጫዋች ማሽን ነው። ካርዱ ያለ ሥራው ቤት ሲያሞቅ ነው የከረመው። ነቅሎ መለኪያውን አሳየን፤ 62 ዋት። አሁንም ብዙ ነው አለ። ከቢሮ የወጣች ያገለገለች ሚኒ ፒሲ አፈላልጎ አመጣልን። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ትተኛለች። ፕሮሰሰሯ አይ5 8500ቲ ነው፤ ያቺ "ቲ" ባለ 35 ዋቱ ቆጣቢ መሆኑን ነው የምትነግረው። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ያለ መስኮትና ምስል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ጫነባት። ሥራ ስትፈታ 11 ዋት፣ ልጆቹ ሲገቡ ከ20 ትንሽ ከፍ። በ11 ዋት ወሩን ሙሉ ብትበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት አትሞላም።

ኤን100 የሚባለው አዲሱ የኢንቴል ቺፕስ ብዬ ጠይቄው ነበር። ከዚህም ያነሰ ይበላል፣ ግን ራሙ በአንድ መንገድ (ቻናል) ብቻ ነው የሚሠራው፣ አዲስ ዕቃ ስለሆነም ከውጭ ማስመጣት ሊኖርብሽ ነው፤ ለጥቂት ዋት ብለሽ ያን ያህል አታውጪ አለኝ። ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ምክር ብቻውን ገንዘብ ነው።

ሰርቨሩን ሲያስተካክልም ተቀምጬ አይቻለሁ። ማይንክራፍት ዋና ሥራውን በአንድ ኮር ላይ ስለሚያከናውን የኮር ብዛት ብዙም አያግዘውም። ስለዚህ ሸክሙን መቀነስ ነው። ፔፐር የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራም ጫነ፣ ተጫዋቹ የሚያየውን የእይታ ርቀት ከ10 ወደ 8 ቻንክ (የጌሙ የመሬት ቁራጭ)፣ ነገሮች የሚንቀሳቀሱበትን የሲሙሌሽን ርቀት ወደ 6 አወረደ። የጌሙን ዓለም ዙሪያም አስቀድሞ አስፈጠረ፤ ሰርቨሩን የሚያስጨንቀው ልጆቹ አዲስ መሬት ሲረግጡ ነውና። አሁን ላግ (ዘገየ፣ ተንቀረፈፈ) የሚል ጩኸት ቀርቷል ማለት ይቻላል።

መብራቱን ግን ማንም እንደሱ አላሰበበትም። ባዮሱ (የማሽኗ መነሻ ቅንብር) ላይ ኃይል ሲመለስ ማሽኗ ራሷ እንድትነሳ አደረገ። ያለንን ዩፒኤስ በዩኤስቢ አገናኘና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ዓለሙን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት እንዲዘጋ አዘጋጀ። ከዚያ "አሁን እንፈትነው" አለና ሄዶ ብሬከሩን አወረደው። ወንድሞቼ ጮኹ። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የምትበላው 11 ዋት ስለሆነ ባትሪው ቶሎ አያልቅም። እናቴ "በል የኔ ልጅ፣ እስከዚያ ቡና ጠጣ" ብላ ከሰል አቀጣጠለች። ቶናው ደርሶ ነው ማሽኗ የጠፋችው። ብሬከሩን መለሰ፣ ማንም ጣቱን አላሳረፈባትም፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ራሱ ተመልሶ ተነሳ። የገነቡት ቤት አንድ ጡብ አልጎደለበትም።

ከውጭ ለመግባት በራውተሩ ላይ ፖርት (መግቢያ በር) አልከፈተም። የቤታችን ኢንተርኔት ከውጭ የሚታይ የራሱ አድራሻ ስለሌለው ቢከፍትም አይጠቅምም ነበር። በኢንተርኔት ላይ የግል መስመር በሚዘረጋው ቴይልስኬል አገናኘን፣ የተፈቀደላቸው ብቻ እንዲገቡም የስም ዝርዝር አደረገ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቴ ልጅ አሁን ማታ ማታ ከወንድሞቼ ጋር ይገነባል። ትንሽ ይዘገይበታል፤ የተኩስ ጌም ቢሆን አይሆንም ነበር፣ ለግንባታ ግን ምንም አይል። ጌም በሚገዛበትና በሚወርድበት ስቲም ላይም ጌም በቤት ኔትወርክ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እንዲተላለፍ አስተካከለልን። ስቲም ይህን ያመጣው በ2023 ነው፣ እኛ ግን ያንኑ ጌም ሁለቴ ስናወርድ ኖረናል።

ጉድለቱንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሐሙስ ያለኝ ማክሰኞ ነው ያለቀው። ወሬ ይወዳል፤ ስለ ፓወር ሰፕላይ አንዴ ከጀመረ ቀጠሮ ያስረሳችኋል። ሞባይል አይነካም። ዋጋውን አልጻፍኩም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይቀየራል። የዕቃውንና የእጁን ለይቶ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ያወጣውን አሮጌ ዕቃም በፌስታል አድርጎ ይመልሳል። ያን አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ሸጠን የዩፒኤሱን ባትሪ ልንቀይርበት ነው።

የምትሄዱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ዕቃ ፍለጋ ነው የሚውለው። ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ፣ አለዚያ ይመልሳችኋል።

አንተም ይህን ካየኸው፣ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴ ሰላም ብላሃለች። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሌሊቱን ይጮሃልና ድምፁን መጥተህ አጥፋልን ብላለች፤ ቡናው አለ።