መጀመሪያ ናፍጣውን ያየልኝ መካኒክ

አዳማ የናፍጣ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ። ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ነኝ። ከመቂና ከቆቃ ወደ አዳማ የምናመጣበት አንድ አሮጌ ሃይሉክስ አለን። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶልን የሄደው እሷን ነው። የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያም የቤት ኪራዩም ከእሷ ነው የሚወጣው። ይህች መኪና ክረምት ሲገባ ጉልበት አጣች። ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ትንቀጠቀጣለች፣ ታጨሳለች፣ ትጠፋለች። አንድ ቀን ከሞጆ ወዲህ ቲማቲም እንደጫነች ቆማ አደረች። ጠዋት ስንደርስ የታችኛው ሳጥን ሁሉ ፈሶ ነበር።

ከዚያ የጋራዥ መከራዬ ጀመረ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ገና ሳይፈታ «ኖዝል ነው» አለ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ማለቱ ነው። ተቀየረ። ብዙም ሳትቆይ ያው ሆነች። ሌላው «የናፍጣ ፖምፓው አልቋል፣ መግዛት ነው» ብሎ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ እግሬ ከዳኝ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ስል «ምን ያደርግልሻል?» ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ የተቆጣኝም አለ። የፈቱትን ብሎን አፈር ላይ በትነው ሲፈልጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ ሞተር የማታውቅ ሴት ስትመጣ እንደ ገበያ ነው የሚያይዋት። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ወደ ወንጂ መውጫ ያለች ትንሽ ጋራዥ ጠቆመኝ። እግዜር ይስጠው።

መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው። መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «እትዬ፣ ናፍጣ ከየት ነው የሚያስቀዱት?» ብሎ ነው። እስከዚያ ቀን ማንም ይህን አልጠየቀኝም! ማደያው ሰልፍ ሲሆን ሾፌራችን ከመንገድ ዳር በጀሪካን እንደሚሞላ ነገርኩት። ከናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ሥር ያለችውን ማፍሰሻ አላልቶ በባዶ ሃይላንድ ቀዳ። ግንቡ ላይ አስቀመጠና «ትንሽ እንጠብቅ» ብሎ ሻይ አስመጣልኝ። ሻዬን ሳልጨርስ የጠርሙሱ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። ናፍጣው ከላይ፣ ውሃው ከታች፣ ከሥሩ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ። ወደ ብርሃን አንስቶ አሳየኝ። «ናፍጣ ከውሃ ይቀላል፣ ውሃው ሁልጊዜ ታች ነው የሚተኛው። ፖምፓው ቅባት የሚያገኘው ከራሱ ከናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ላምባ ሲቀላቀልበት ተፋትጎ ይበላል። የእርስዎን ግን ሳናጸዳ አንፍረድበት» አለኝ።

ጸድቶ ሲሞከር ፖምፓው ደህና ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ብር ሊያስወጡኝ የነበረው ፖምፓ!

ሰልባትዮውን (የናፍጣ ማጠራቀሚያውን) አውርዶ አጠበ፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ ሌላም ብዙ ነገር ሠራ። ዝርዝሩ አይገባኝም። ያየሁትን ግን ልመስክር። የፈታውን ቱቦ አፍ ሁሉ በንጹህ ላስቲክ ያስራል። የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቁታላችሁ። ብሎኖቹን በየጣሳው ለይቶ ያስቀምጣል። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ደውሎ ዋጋ ይነግራል። አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል አድርጎ ከደረሰኙ ጋር ሰጠኝ፤ ሳልጠይቀው። ሲጨርስም አስነስቶ ብቻ አላስረከበኝም። ጭነት እንደያዘች ራሱ ዳገት ነዳት፣ ተመልሶ ከሥሯ ተኝቶ የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ አየ። ሂሳቡን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ በሕይወት እያለ መካኒክ ምሳ ሳይጋብዝ መኪና ከጋራዥ አያወጣም ነበር። እኔም በማግስቱ ዶሮ ሠርቼ ወሰድኩ። ከረዳቶቹ ጋር ከበው በሉ። እጁን ይባርከው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ትባረክ።

የመከረኝን ለእናንተም ላካፍል። ናፍጣ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥበት ማደያ ቅዱ፣ ከጀሪካን ራቁ። ቦቴ ማደያው ላይ እያራገፈ ከደረሳችሁ ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ከሥር የተኛው ዝቃጭ ይናወጣል። ሰልባትዮ ባዶ አታሳድሩ፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ሌሊት ውሃ ይሆናል። የፊልትሮውን ውሃ በየጊዜው አስፈስሱ። በስህተት ቤንዚን ከተቀዳባት ደግሞ ቁልፉን እንዳትነኩ፤ ሳትነሳ ተጎትታ ሄዳ ይፍሰስላት።

ስሙንና ስልኩን እዚህ ያለ ፈቃዱ መበተን አልፈለግኩም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እልካለሁ። ሂዱ፣ በእውነት ሂዱ። ብቻ በጠዋት ድረሱ፤ የያዘውን መኪና ሳይጨርስ ሌላ አይፈታም።