ለሰፈራችን የውሻ ሐኪም ምስጋና፣ ጥፍር ላደገበት ውሻ ባለቤት ደግሞ ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የምታሳድጉ፣ በተለይ ውሻችሁ ሴራሚክ ላይ ሲራመድ ጥፍሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ይህን አንብቡት። ቤት ለቤት እየዞሩ የሰፈራችንን ውሾች ጥፍር የሚያስተካክሉልንን የእንስሳት ሐኪምና ረዳታቸውን በአደባባይ ልናመሰግን ወደድን። ሥራቸውን ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ሌላ ባለሙያ የምትጠሩም እንድትመዝኑበት ነው።

ከሁሉ በፊት የምናመሰግናቸው እምቢ ስለሚሉን ነው። ጥፍሩ የተጠማዘዘ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ «ዛሬውኑ አሳጥሩልኝ» ይላል፤ እሳቸው አያደርጉትም። በጥፍር ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። ጥፍሩ ሳይቆረጥ ሲከርም ሥጋውም አብሮ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለወራት ያደገን ጥፍር በአንድ ቀን ልኩ ላይ ለማድረስ ሥጋውን መቁረጥ ግድ ይሆናል። ዶክተሩ ጫፍ ጫፉን ብቻ አንስተው በሳምንት ወይም በ10 ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። በየዙሩ ሥጋው ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻል። በጣም የቆየ ጥፍር በዚህ መንገድ ለመስተካከል ወራት ሊወስድ ይችላል። ውሻው ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥፍሩ ወለሉን ካልነካ ልኩ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ማየት ይበቃል። «አንድ ጊዜ ቆርጬ እገላግላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በበኩላችን በሩን ባንከፍትለት እንመርጣለን።

ነጭ ጥፍር ቀላል ነው። ሮዝ መልክ ያለው ሥጋ ከውጭ ስለሚታይ ከእሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቁረጥ ነው። ባለሙያ የሚለየው በጥቁር ጥፍር ነው። እዚያ ላይ ዶክተሩ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አያልፉም፤ ቆረጥ ባደረጉ ቁጥር እግሩን ቀና አድርገው የተቆረጠውን ፊት ያያሉ። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ገና ነው። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ብቅ ስትል መቁረጫውን ያስቀምጣሉ፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ደም ነው።

መቁረጫቸው ለውሻ የተሠራ፣ ስለቱ ጎበጥ ያለ የመቀስ ዓይነት ነው። የሰው ጥፍር መቁረጫ ለጠፍጣፋ ጥፍር ስለተሠራ የውሻን ክብ ጥፍር ጨፍልቆ በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። የደነዘዘ ስለትም ያው ነው፤ ውሻው ገና ሳይደማ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በዚህ ጭምቀት ነው። ሻካራውን ጫፍ በባትሪ በሚሠራ መሞረጃ ሲያለሰልሱ አንዱ ጥፍር ላይ ከ2 ወይም 3 ሰከንድ በላይ አያቆዩትም፣ ስለሚግል። የጸጉራም ውሻን ጸጉር ረዳታቸው ወደ ኋላ ይይዛል፤ በሚሽከረከረው ራስ ከተጠመጠመ ውሻው ሁለተኛ እግሩን አይሰጥም። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲያልፉ መሣሪያውን በአልኮል ይጠርጉታል።

የረዳታቸው አያያዝ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። እግር ላይ አይዘልም፤ ከትከሻ ጀምሮ እየዳበሰ ወደ መዳፍ ይወርዳል። ውሻው እግሩን ሲስብ አብሮ ይሄዳል እንጂ አይጎትትም። በጣም የፈራ ውሻ ከሆነ በዚያ ቀን ሁለት እግር ብቻ ሠርተው ይሄዳሉ።

ሁላችንም የምንረሳት ጥፍር ደግሞ አለች፦ በፊት እግር ከውስጥ በኩል ከፍ ብላ የበቀለችው። መሬት ስለማትነካ አትሞረድም፤ ዞራ ተመልሳ ቆዳ ውስጥ ትገባለች። ብዙው ውሻ እነዚህን ሁለቱን ጨምሮ 18 ጥፍር አለው፣ አንዳንዱ በኋላ እግሩም ላይ ትርፍ ይኖረዋል። ጸጉራም ውሻ ላይ በጣት ካልተዳሰሰ አትገኝም፤ ዶክተሩ ከመጀመራቸው በፊት ዳስሰው ይቆጥራሉ። ሥጋ ውስጥ የገባች ካገኙ ቆርጠው የተቀበረውን ጫፍ በቀስታ ያወጣሉ፣ ቁስሉን ያጥባሉ፣ መግል ከያዘ መድኃኒት ያዛሉ። ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሕመሙን ለማስታገስም የሰው መድኃኒት አትስጡ፤ አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛል።

አልፎ አልፎ ደም መውጣቱ በማንም እጅ ያጋጥማል። ደም የሚያቆም ዱቄት ይዘው ነው የሚመጡት፤ እናንተ ጋ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ጫፉ ላይ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ 5 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መጫን ነው። በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ያነሳዋል። እንደ ልማዳችን የተፈጨ ቡና አትነስንሱበት፤ ውሻው መላሱ አይቀርም፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ ጎጂ ነው። 20 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ቀኑን በሰንሰለት ለሚውል ወይም ሣር ግቢ ውስጥ ብቻ ለሚኖር ውሻ አስቀድማችሁ ደውሉ። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚራመድ ውሻ ጥፍሩ በራሱ ስለሚሞረድ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ያችው የጎኗ ናት።

ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ዋጋቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ። ስትደውሉ የውሻውን ዕድሜና ክብደት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደወሰደ፣ ሰው ነክሶ የሚያውቅ ከሆነም ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ልኩ የሆነ የአፍ ማሰሪያ ይዘው እንዲመጡ ነው። በቀጠሮው ቀን ውሻውን ቀድማችሁ አንሸራሽሩት፣ ብርሃን ያለበት የማያንሸራትት ቦታም አዘጋጁ።