ቱርክ የባህር ዳርቻ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይችን እህታችንን አናግሯት

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምጽፈው ለምስጋና ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ትንሽዬ የጉዞ ቢሮ ያላት ሀበሻ እህታችን ዘንድሮ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼና ከአዲስ አበባ ለመጣችው እናቴ የአንታልያን (የቱርክ የባህር ዳርቻ ከተማ ናት) ጉዞ ከሀ እስከ ፐ አዘጋጅታልን በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ቃሏን አከብራለሁ፣ ቁጥሯን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ እልክላችኋለሁ። ግን ምን እንዳደረገችልን ሳልናገር ዝም ብል ውለታ ቢስነት ነው የሚሆንብኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው እማዬ ሰኔ ላይ እኛ ጋ ትመጣለች፣ ሐምሌ ላይ ሁላችንም ቱርክ ደርሰን እንመለሳለን፣ ከዛ ትንሽ ሰንብታ ወደ ሀገሯ ትሄዳለች ነበር። ቀድመን የጠየቅነው ሌላ ቢሮ ይሄንኑ ሰምቶ የሰው ብዛትና ቀን ብቻ ጠይቆን ዋጋ ላከልን፣ በቃ። እሷ ግን ገና ስለ ሆቴል ሳናወራ «የእማማን ቪዛ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» አለች። እማዬ ያን ጊዜ ገና አዲስ አበባ ናት፣ ወንድሜ አንስቶ ላከላት። ወዲያው ደወለችልኝ፣ «እህቴ የመግቢያ ብዛት የሚለው ጋ 01 ማለትም አንዴ መግቢያ ብቻ ነው የሚለው፣ ሙልት (ብዙ ጊዜ መግቢያ) አይደለም፣ እማማ ቱርክ ከሄዱ በዚህ ቪዛ ጀርመን ተመልሰው መግባት አይችሉም» አለችኝ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እስቲ አስቡት፣ አንታልያ ኤርፖርት ላይ እናቴን ይዤ መግባት አትችልም ብባል ምን ይውጠኝ ነበር?

እሷ ግን ችግሩን ነግራ ብቻ አልተወችንም። ጉዞውን ወደ መጨረሻ ገፋችው፣ እማዬ ክረምቱን እኛ ጋ ከርማ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አብረን አንታልያ እንሄዳለን፣ ከዛ እኛ ወደ ጀርመን እሷ በኢስታንቡል በኩል በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ። የቱርክ ቪዛዋን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳትነሳ እንድታወጣ አደረገች፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ለወንድሜ በቴሌግራም እየነገረችው። እኛ የጀርመን ፓስፖርት ስላለን ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ነው የምንገባው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ኢ-ቪዛ ይመለከታችሁ እንደሆነ መጨረሻው ጎቭ ዶት ቲአር የሆነው የመንግሥቱ ሳይት ላይ ብቻ ገብታችሁ እዩ፣ ጉግል ላይ ቀድመው የሚመጡት ብዙዎቹ በላዩ ላይ የራሳቸውን ክፍያ የሚጨምሩ ደላሎች ናቸው፣ ይሄንንም የነገረችን እሷ ናት።

የእማዬን ቲኬት በተመለከተ ደሞ ሌላ ነገር አለ። ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት አላት፣ በአውሮፓ በኩል ያለው ትልቁ አዲሱና በእስያ በኩል ያለው ሳቢሃ ጎክቸን። ርካሽ ነው ተብሎ ሁለት የተለያየ ቲኬት ቢገዛ አንዱ ላይ አርፎ ሌላኛው ላይ መነሳት ሊመጣ ይችላል፣ ሻንጣ ተቀብሎ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ማለት ነው፣ ቋንቋ ለማያውቅ አዛውንት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በአንድ ቲኬት በቱርክ አየር መንገድ ከአንታልያ አዲስ አበባ ድረስ ቆረጠችላት፣ ሻንጣዋ ቦሌ ነው የሚወርደው፣ ዊልቼር ሰርቪስም ቀድማ አስመዘገበችላት። ዊልቼር የሚጠየቀው መራመድ ለማይችል ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ረጅሙን መንገድ መሄድ ለሚከብዳት እናትም ይጠየቃል፣ ገንዘብም የለውም፣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ነው። እማዬ ኢስታንቡል ላይ ከበር እስከ በር ሰው ይዟት ሄደ፣ ቦሌ ደርሳ ስትደውል ድምጿ ራሱ የደከመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሆቴሉን ስትመርጥ ደግሞ የጠየቀችን ስለ ኮከብ ምናምን አይደለም፣ «ልጆቹ ዋና ይችላሉ? የእማማ ጉልበት እንዴት ነው?» ነው ያለችን። ትንሿ ልጄ ዋና አትችልም፣ እማዬን ደረጃ ያስቸግራታል። አንታልያ ሲባል አንድ ቦታ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ብዙዎቻችን የምናርፈው አንድ ኤርፖርት ላይ ይሁን እንጂ የባህር ዳርቻው ከኬመር እስከ አላንያ ከ150 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ሁሉም ደሞ የተለያየ ነው። ኬመርና ኮንያአልቲ ጠጠር ናቸው፣ ተራራው ባህሩ አፍ ላይ ቆሞ ሲያዩት ያምራል ግን ለህፃን እግር አይመችም። አላንያ ክሊዮፓትራ የሚባለው ቢች ውሃው ቶሎ ይጠልቃል። ሲዴ አካባቢ ግን ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ውሃውም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ስለዚህ ሲዴ አለችን። ጓደኛዬ የጠቆመችን ወደ አላንያ ያለ ሆቴል ነበር፣ ፎቶው ላይ ባህሩ እደጁ ያለ ይመስላል፣ እህታችን ግን በሳተላይት ካርታ ከፍታ አሳየችኝ፣ በሆቴሉና በባህሩ መሀል ዲ400 የሚባለው ትልቁ መንገድ ያልፋል፣ ወደ ባህሩ የሚኬደው ከመንገዱ ስር ባለ መተላለፊያ በደረጃ ወርዶ ወጥቶ ነው። እማዬ ያንን በቀን ሁለቴ እንዴት ትችለዋለች? ያገኘችልን ሆቴል ከክፍላችን በር እስከ አሸዋው አንድም ደረጃ አልነበረውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ነሐሴ መጀመሪያ ማለት ፍልሰታ ነው። ይሄን እኛ ሳንነግራት ራሷ ናት ያነሳችው፣ «እማማ ፍልሰታን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?» ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ ደግሞ የትም ትሁን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። የሆቴሎቹ ምሳ በኛ 8 ወይ 8 ተኩል ላይ ይነሳል፣ እሷ የምትበላበት ሰዓት ሲደርስ ሜዳ ላይ ያለው በርገርና ፒዛ ብቻ ነው። እህታችን ቁጭ ብላ ለሆቴሉ በቱርክኛ ጻፈች፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የማይበሉ እናት አሉ፣ ምሳቸውም በናንተ 15 ሰዓት ላይ ነው ብላ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስም ቦታ አልያዘችልንም። ለኛም ያንኑ በወረቀት አትማ ሰጠችን። ከዛ የቱርክ ምግብ ለጾመኛ እንዴት እንደሚመች ነገረችን፣ ዘይቲንያሊ የሚሉት በወይራ ዘይት ተሰርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ የአትክልት ዓይነት አላቸው፣ ፎሶሊያው፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ፣ በሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላው ደበርጃን፣ ሁሉም የጾም ነው። የምስሩ ሾርባ ላይ ግን ቅቤ ወይም የአጥንት መረቅ ሊገባ ስለሚችል ሳትጠይቁ እንዳትሰጧቸው አለች።

የሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን 9 ሰዓት ላይ እኛ ገና እንዴት እናድርግ ስንባባል አንድ በዕድሜ ጠና ያለ አስተናጋጅ ሳህን በሳህን ከድኖ እማዬ ጥላ ስር የተቀመጠችበት ድረስ አመጣላት። ሲከፍተው ደበርጃኑ፣ ፎሶሊያው፣ ሽምብራ፣ ትኩስ ዳቦና የተቆረጠ ሎሚ፣ በጎን ደግሞ ወይራ። እማዬ ጸሎቷን እስክትጨርስ ሰውየው ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቃት፣ ከዛ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሄደ። ከዛን ቀን ጀምሮ እስክንወጣ ድረስ አንድም ቀን አልተጓደለም። ትልቁ ልጄም የአያቱን አይቶ የፍልሰታን ጾም አልፈታም አለ፣ እሱም ድርሻው አብሮ ይመጣለት ጀመር። እኔ ለራሴ ከሆቴል ከዚህ በላይ ምንም አልፈልግም።

እማዬ ስለ ቱርክ ስንነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው የቅዱስ ኒቆላዎስን ቤተክርስቲያን ነው፣ ሜራ ማለትም ዛሬ ደምሬ የሚባለው ከተማ ያለው። እህታችን ይሄንን ጉብኝት ብትሸጥልን ገንዘብ ታገኝበት ነበር፣ ግን «ከሲዴ ደምሬ በጣም ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው፣ በነሐሴ ሙቀት ከልጆችና ከእማማ ጋር ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ትውላላችሁ፣ ይልቅ ጴርጌን ውሰዷቸው» አለችን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ጳውሎስና በርናባስ በጴርጌን ቃሉን ተናግረው ወደ አጣልያ ወረዱ የሚለው ነው፣ አጣልያ አንታልያ ናት፣ ጴርጌንም ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብላ ፍርስራሿ አለ። ጥላ ስለሌለ ጠዋት በጊዜ ሂዱ ብላን ነበር፣ በጊዜ ሄድን። ሁለቱ ክብ ግንቦች፣ ዓምዶቹ፣ መሀሉን የውሃ ቦይ የሚያልፍበት የድንጋይ መንገድ፣ እማዬ ጫማዋን አውልቃ ነው የሄደችበት። ለልጆቹ ታሪኩን የነገረቻቸው እሷ ናት፣ አስጎብኚ አላስፈለገንም።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ቢሮ ይወደዳል ትላላችሁ። እኛ ያወዳደርነው ኢንተርኔት ላይ ካለው የዛው ጥቅል ጉዞ (በረራና ሆቴል በአንድ ላይ) ዋጋ ጋር እኩል ነው፣ እሷ ኮሚሽኗን የምታገኘው ከአስጎብኚ ድርጅቱ ነው። ብር ከመክፈላችን በፊት ደግሞ ዚሸሩንግስሻይን የሚባለውን ወረቀት አሳይታን ነው ቅድሚያ ክፍያ የተቀበለችን፣ ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችሁ የሚመለስላችሁ በሱ ነው። ኤፍቲአይ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ሰኔ 2024 በፈረንጆቹ ሲከስር ጥቅል ጉዞ የገዙ ሰዎች ይሄ ዋስትና ነበራቸው፣ ሆቴሉን ለብቻ በረራውን ለብቻ የገዛ ግን በዚህ አይሸፈንም። እናንተም ማንም ጋ ብትገዙ ይሄን ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ።

እህታችን እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ትላለች፣ ምርቃቷ አይለይሽ። ባለቤቴም በጣም ያመሰግንሻል።

ልትደውሉላት ያሰባችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው ስልክ የምታነሳው። ለሚቀጥለው ክረምት የምታስቡ ከጥር በፊት አናግሯት፣ የትምህርት ቤት እረፍት ላይ የቤተሰብ ክፍሎች ቶሎ ያልቃሉ። ስትደውሉ የሁሉንም ሰው ፓስፖርትና ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ፎቶ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ ጾም ካላችሁ ቀኑን አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።