ሳይመሽ ወደብ ያስገባችን ካፒቴን

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች። የሸራ ጀልባ ጉዟችንን ፎቶዎች አይታችሁ "ካፒቴኗ ማን ናት? የት አገኛችኋት?" ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እዚሁ ልጻፈው። ምስጋናም አለብኝ። ቤተሰብ ይዛችሁ በሸራ ጀልባ ከአናፖሊስ ወደ ሴይንት ማይክልስ መሻገር ካማራችሁ፣ እኔ የምጠቁማችሁ እሷን ነው።

ምኗን እንደወደድኩት ልንገራችሁ፤ እምቢ ማለት ታውቅበታለች። የምንከፍለው እኛ ነን፣ ሰዓቱን የምትቆጣጠረው ግን እሷ ናት። ገና ሳንነሳ ካርታውን ዘርግታ አንድ በአንድ አስረዳችን፣ እኔ ደግሞ ለእናቴ አስተረጎምኩ። መንገዱ ወደ 25 የባህር ማይል ነው። ጀልባዋ በደህና ነፋስ 5 ኖት (በሰዓት 5 የባህር ማይል) ገደማ ትሄዳለች፣ ስለዚህ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። "ቢዘገይ ቢዘገይ 11 ሰዓት ላይ ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ መቆም አለባት። ፍጥነቱ ከ4 ኖት ከወረደ ሞተር አስነሳለሁ፣ ያኔ ማንም እንዳይከራከረኝ" አለች። በመኪና በቤይ ብሪጅ ድልድይ ከሄዳችሁ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ይመስለኛል።

መምሸቱ ምን ችግር አለው ለምትሉ፦ የምንሻገረው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሲያዩት ባሕር ያክላል እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ደለል ነው። ከዚያ ደግሞ የክራብ (የሸርጣን) አጥማጆች ወጥመድ አለ። ወጥመዱ ታች ይቀመጥና በገመድ ከላይ ትንሽዬ ተንሳፋፊ ነገር ይታሰርበታል፣ መብራት የለውም። ቀን ላይ በቀለሙ ታዩታላችሁ፣ ማታ ግን ምንም። ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው ጋር ወጥተን "ኧረ እንደርሳለን" እያለ ሲያዘገየን መሽቶብን፣ የወጥመድ ገመድ ፕሮፔለሩ (ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ ቀጥ አለ። ጎታች ጀልባ እስኪመጣ በጨለማ ስንናወጥ ያሳለፍነውን ሰዓት ልጆቼ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ወደዚህኛው ጉዞ ልመለስ። ጠዋት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነበር፣ ደስ የሚል። ቶማስ ፖይንት ጋ ስንደርስ ያ በ1875 የተሠራው ባለ ስድስት ማዕዘን የመብራት ቤት (ለመርከቦች መንገድ የሚያመላክት) ውሃው መሃል በብረት እግሮቹ ቆሞ አየነው፤ ሁላችንም "ጠጋ በይልን፣ ፎቶ እናንሳ" አልን። አልተጠጋችም። "መብራት ቤቱ እዚህ የተሠራው ቦታው ጥልቀት ስለሌለው ነው፣ ካሜራችሁን ዙም አድርጉት" አለችን። ወደ ባልቲሞር የሚወጣ የኮንቴይነር መርከብ ሲመጣ ደግሞ በሬዲዮ አናግራ በኋላው በኩል አለፈች። እንደዚያ ዓይነት መርከብ ፍሬን የለው፣ በቀላሉ አይታጠፍ፣ ከፊቱ ቀድሞ ለመሻገር መሞከር እብደት ነው።

የኬንት ደሴትን ጫፍ ዞረን ኢስተርን ቤይ ስንገባ ነፋሱ ሞተ። ሸራው ተንጠለጠለ። ዝምታው ደስ ስላለን "ትንሽ እንቆይ" ብለን ለመንናት። ፍጥነቱን አይታ ሞተሩን አስነሳች፣ በቃ። ማይልስ ወንዝ ውስጥ ገብተን የጀልባ መንገዱን የሚያሳየውን ቀይ ምልክት በቀኝ እያደረግን ሴይንት ማይክልስ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር፤ ገመዱን አስረን፣ እዚያ ከተማ ያለው የባህር ሙዚየም ጋ የቆመውን የሁፐር ስትሬት መብራት ቤት (የ1879 ነው፣ በ1966 ከቦታው ተነቅሎ የመጣ) ተዘዋውረን አየን። እናቴ ስትወርድ እጇን ይዛ መረቀቻት። ካፒቴኗ ምን እንደተባለች ባይገባትም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

እሷን ባታገኙም ሌላ ካፒቴን ስትይዙ የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ) ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ለመጫን ግዴታ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ደግሞ ከፋይ መንገደኛ ከስድስት በላይ አይጭኑም፣ ስለዚህ አክስት አጎት ሁሉ እንዳትጋብዙ።

ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዋጋውን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ፤ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ይያዛል። ጃኬት አትርሱ፣ ፀሐይ ቢኖርም ውሃው ላይ ይበርዳል። ታኮ ጫማ አይሆንም። ለሚስቴ እህት ነግሬያት ነበር፣ በባዶ እግሯ ዋለች።