ዲ ኤንድ ዲ ላይ ወራት ጠንቋይ ሆኜ፦ የመጽሐፉ አስማት እንዴት ነው?

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲ ኤንድ ዲ) የተጫዋቾች መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ አምስተኛው ዕትም፣ 320 ገጽ፣ ጠንካራ ሽፋን። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ከጫማና ከሽቶ መሃል ሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ አመጣልኝ። ሲወጣ ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር፤ በብር አታስሉት፣ ያማል። ደሴ ሆጤ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን ስንጫወትበት ወራት አልፈዋል። እኔ ዊዛርድ ነኝ፣ ከደብተር የሚደግመው አስማተኛ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለ አስማቱ ነው፣ ሰይፍና ጋሻውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ ቦርድ የለውም፣ ስክሪን የለውም። አንዱ ዲኤም ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቻችን በየገጸ ባሕርያችን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን፣ የሆነ ያልሆነውን ዳይስ ይወስነዋል። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ይሄ ደግሞ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሻማ ለኩሶ መቀጠል ነው። እንዲያውም ዋሻ ውስጥ ያለን ጊዜ ከሆነ ይደምቃል።

አስማቱ የሚሄደው በስሎት ነው፤ ስሎት ማለት በቁጥር የተወሰነ ድግምት የመድገሚያ ዕድል ነው። ዊዛርዱ የሚያውቃቸው ድግምቶች የራሱ ደብተር ላይ ተጽፈዋል፤ ከነሱ ውስጥ ለቀኑ የሚፈልጋቸውን ያዘጋጃል፤ ከዚያ አንዱን በደገመ ቁጥር አንድ ስሎት ይበላበታል። ስሎቶቹ ከ1 እስከ 9 ደረጃ አላቸው። 5ኛ ሌቭል (የገጸ ባሕርዩ የራሱ ዕድገት፣ ከድግምት ደረጃ የተለየ) የደረሰ ዊዛርድ ከ1ኛው ደረጃ 4፣ ከ2ኛው 3፣ ከ3ኛው 2 አለው። በቃ። ዊዛርድ በቀን አንዴ ትንሽ የሚያስመልስባት ዘዴ አለችው እንጂ፣ ሁሉም የሚመለሰው ለ8 ሰዓት ሲያርፍ ነው። ካንትሪፕ የሚባሉት ትንንሾቹ ግን ቀኑን ሙሉ ቢደገሙ አያልቁም። ዝቅ ያለውን ድግምት በከፍተኛ ስሎት መድገምም ይቻላል፦ ማጂክ ሚሳይል በ1ኛ ደረጃ 3 የብርሃን ፍላጻ ይለቃል፣ በ3ኛ ደረጃ 5።

ነገሩ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 ሲያወጡ ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከጃክ ቫንስ ነው። እሱ ጋ አስማተኛው ድግምቱን ይሸመድዳል፤ አንዴ ከደገመው በኋላ ግን ከጭንቅላቱ ይጠፋል። በድሮው ሕግ አንዱን ድግምት በቀን ሁለቴ ለመጠቀም ጠዋት ሁለቴ መሸምደድ ነበረበት። አምስተኛው ዕትም ማዘጋጀትን ከስሎት ለየው፤ ያዘጋጀኸውን ስሎት እስካለህ ድረስ እንደፈለግህ ትደግመዋለህ። የድሮውን ሕግ ስልኬ ላይ ከፍቼ አንብቤው ነበር። ተመስገን ነው ያልኩት።

ሁሉም ሰው የሚጓጓለት ፋየርቦል አለ። 3ኛ ደረጃ ነው፣ እስከ 150 ጫማ ርቀት ይወረወራል፣ ካረፈበት ዙሪያውን 20 ጫማ ያነዳል፣ ለጉዳቱ ስምንት ባለ 6 ጎን ዳይስ ይጣልለታል። ቅመሙ የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ የጓደኛችን እናት ቡና እየቀዱ ነበር። «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ነገር ከጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የመጣው?» አሉን። «አብሽሪ እማዬ፣ ጨዋታ ነው» አላቸው ልጃቸው። ለማንኛውም ብለው ዕጣኑን ጨመሩበት።

የሚያሳዝነው ግን ኩሱን ማንም አይፈልገውም። አንድ በትር ወይም የቅመም ከረጢት ከያዝክ ዋጋ ያልተጻፈላቸውን ነገሮች ሁሉ ይተካልሃል። ይህን ሕግ አልወደድኩትም፣ እስካሁንም አልወደውም። ትርጉም ያላቸው ዋጋ የተቆረጠላቸው ናቸው። የሞተን ሰው የሚያስነሳው ሪቪቪፋይ 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ይፈልጋል፣ አልማዙ ይጠፋል፣ ሰውየው ከሞተ 1 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ አይሠራም። የኛ ክሌሪክ፣ ፈዋሹ ካህን ማለት ነው፣ አንድ አልማዝ ነው ያለው። ያቺ አልማዝ ከተገኘች ጀምሮ ሁላችንም ለክሌሪኩ በጣም ጨዋ ሆነናል።

ወራት ተጫውቼ «የዚህ አስማት ልቡ የት ነው?» ብትሉኝ ኮንሰንትሬሽን፣ ሐሳብን መሰብሰብ፣ እላችኋለሁ። እንደ ፍላይ (ማብረር)፣ ብሌስ (መባረክ)፣ ሆልድ ፐርሰን (ሰው ማደንዘዝ) ያሉ የሚቆዩ ድግምቶች ሐሳብን ይይዛሉ፤ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቻለው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ከጀመርክ የመጀመሪያው ይበተናል። ከተመታህ ደግሞ ባለ 20 ጎን ዳይስ ትጥላለህ፤ ቢያንስ 10፣ ወይም የደረሰብህን ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ማምጣት አለብህ። በወረቀት ሲነበብ ደረቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን ሌላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገደል ለመሻገር ተዋጊያችንን በፍላይ አበረርኩት። ዲኤማችን የኩታበር ልጅ ስለሆነ ገደል መግለጽ ያውቅበታል፤ ከታች ጉም አለ፣ የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው አለን። ተዋጊው 40 ጫማ ከፍ ብሎ መሃል ላይ እያለ አንድ ጎብሊን እኔን በቀስት ወጋኝ። ጉዳቱ 6 ነው፣ ግማሹ 3፣ ስለዚህ 10 ካመጣሁ ይበቃኛል። ዳይሱ 4 አለ። ከኮንስቲትዩሽኔ፣ ከሰውነቴ ጥንካሬ፣ 2 ተጨምሮ 6። ፍላይ ሲቋረጥ በአየር ላይ ያለው ሰው ይወድቃል፣ መጽሐፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ለየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ፣ በድምሩ 4 ዳይስ ተጣለበት። ልጁ ከቋጥኝ ላይ ተርፎ ተነሣ፣ እኔን ግን እስከ ቶናው አላነጋገረኝም። እኔ ስሎት ነበረኝ፣ ድግምቱም ነበረኝ፤ ያጣሁት ሐሳቤን ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ፋየርቦል በጭራሽ አይሰጥም። አስማቱን ያጣፈጠው ስስቱ ነው ባይ ነኝ፤ መጽሐፉ ቸር በሆነበት ቦታ ሁሉ ይደበዝዛል።

ዕረፍት ለምሳሌ። ሁለት ፍልሚያ አድርገን ስሎት ሲያልቅብን «እንተኛ» ማለት ተጀመረ። ረጅም ዕረፍት በ24 ሰዓት አንዴ ነው የሚፈቀደው፣ ግን ዲኤሙ ጊዜ ካላስጨነቀ 24 ሰዓት መጠበቅ ማን ይገደዋል? ዋርሎኩ፣ ሌላው ዓይነት አስማተኛ፣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ ስሎቱ ለብዙ ሌቭል 2 ብቻ ነው፣ ግን በ1 ሰዓት አጭር ዕረፍት ይመለስለታል፣ ስለዚህ በየበሩ ቁጭ እንበል ነው። ዲኤማችን መፍትሔ ያለው ቀነ ገደብ በማስገባት ነው። ሐይቅ መሃል ያለ የጸሐፍት ደሴት ሠራ። ወሎዬ ሆኖ ሐይቅ እስጢፋኖስን ያላወቀ የለም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ የብራና መጻሕፍት የተጻፉበት ገዳም። ደሴቱ ላይ ያሉት ጸሐፍት ድግምት ያስገለብጣሉ፣ ግን ሐይቁ ሊሞላ ነው። ለዊዛርድ አንድ ድግምት ደብተሩ ላይ መገልበጥ ለየደረጃው 2 ሰዓትና 50 ወርቅ ይፈጃል፤ የ3ኛ ደረጃ ከሆነ 6 ሰዓትና 150 ወርቅ። ወይ ትተኛለህ፣ ወይ ትገለብጣለህ። ገለበጥኩ፣ በማግስቱ በካንትሪፕ ብቻ ተዋጋሁ፣ ከሁሉም ያስደሰተኝ ቀን እሱ ነበር።

መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ግን ልማው። ከ300 በላይ ድግምቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደርድረዋል፣ የየክላሱ (እንደ ዊዛርድና ክሌሪክ ያለው የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ዝርዝር ላይ የገጽ ቁጥር የለም፣ የድግምቱ መግለጫ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ አልተጻፈም። ፍልሚያ መሃል ገጽ ስገልጥ ሌላው ስልኩን ያወጣል። የ2024ቱ ዕትም ክላሱን ከየድግምቱ አጠገብ ጽፏል። ቁስል የሚፈውሰውን ኪዩር ዉንድስንም ከአንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ወደ ሁለት አሳድጎታል፣ ክሌሪክ ለሚጫወት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ለሱ ብዬ ሌላ 50 ዶላር አላወጣም።

እናንተም ባታወጡ ይሻላል፣ ቢያንስ ለመጀመር። መሠረታዊው ሕግ ኤስአርዲ በሚል ስም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል፤ 5.1 በ2023፣ አዲሱ 5.2 በ2025። ሁሉም ነገር የለበትም፣ አብዛኞቹ ድግምቶች ግን አሉ። አውርዳችሁ የድግምቱን ክፍል ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና በስፓይራል አስጠርዙት፣ ከዚያ የየክላሱን በሃይላይተር ለዩት። ለዳይስ የስልክ አፕ ይበቃል። እኔ ባለ 20 ጎኑን ፒያሳ ብጠይቅ ብጠይቅ ሻጩ ሁሉ የሉዶ ዳይስ ነው የሚያወጣልኝ።