ዩኒቨርሳል የሽቦ ኪት ለቮልስ ይሆናል? ደብረ ማርቆስ ላይ አስገጥሜ ያየሁት

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አሮጌ ቮልስ ካላችሁና ሽቦዋ ናስትሮ በናስትሮ እየተደረበበት ዓመታት ያለፈው ከሆነ፣ መጠጋገኑን ተዉትና ሙሉውን አውጥታችሁ ቀይሩት። ከልቤ ነው የምላችሁ።

እኔ ያስገጠምኩት ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ባለ 12 መስመር ኪት ነው። ዩኒቨርሳል ይሉታል። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ ገባ። ሽቦው ግሩም ነው። ተርሚናሎቹ፣ ማለትም የሽቦው ጫፍ ላይ የሚገቡት ማያያዣ ብረቶች፣ አይረቡም። መመሪያው ደግሞ ስለ ቮልስ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

መጀመሪያ ለምን እንደቀየርኩ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናት፣ ባለ 12 ቮልት። የድሮ ሽቦ ሽፋን ሲያረጅ ሞተሩ አካባቢ ያለው እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል፤ እጅ ሲነካው ይረግፋል። እኛ ጋ ደግሞ አይጥ አለ። መኪናው የሚያድረው ጤፍና በቆሎ ከሚቀመጥበት ጎን ነው፣ ክረምት ሲገባ አይጡ ሙቀት ፍለጋ ሞተሩ ሥር ይገባና የጀመረውን ሽቦ በልቶ ሳይጨርስ አይወጣም።

«ሽቦ ነው፣ ምን አለበት» የሚል ካለ የኋላ ወንበሩን ያንሳና ይይ። የቮልስ ባትሪ እዚያው ነው፣ ከወንበሩ ሥር በቀኝ በኩል። ወንበሩ የብረት ስፕሪንግ አለው፣ ከላዩ ደረቅና ቶሎ የሚቀጣጠል ሙሌት። ከበድ ያለ ሰው ኋላ ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ፖል ከነካ እሳት ነው። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ የባትሪ ክዳን ሠርቶ ነበር፤ እኔ ባየኋቸው ብዙዎቹ ቮልሶች ላይ ግን ክዳኑ የለም። ሽቦ ባትቀይሩ እንኳ ዛሬውኑ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ ባትሪው ላይ አልብሱት።

አሁን ወደ ኪቱ። ካርቶኑ ውስጥ የፊውዝ ሳጥን አለ፣ ከእሱ ላይ ሽቦዎቹ ተገጥመው በየክፍላቸው ታስረው ወጥተዋል፦ የፊት መብራት፣ ክሩስኮቶ፣ ሞተር፣ የኋላ መብራት። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ የሚሄድበት ቦታ ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ ታትሟል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ መስመር ቢበላሽ ማንም ኤሌክትሪሻን አንብቦ ያገኘዋል። ፊውዞቹ ጠፍጣፋዎቹ ናቸው፣ ደብረ ማርቆስ የትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ የምታገኙት ዓይነት። የቮልስ የራሱ ፊውዝ የሴራሚኩ ነው፣ ነጩ 8 አምፔር ቀዩ 16፤ ጫፉ እየዛገ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያሰኘው እሱ ነው።

ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርገን አየነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ አትግዙት። የኔው እስከ ውስጡ መዳብ ነው፣ ሽፋኑም ሙቀት የሚችል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የጀመረው ስንዘረጋው ነው። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነዋ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሽቦ ሞተሩን ፊት ነው የሚፈልገው» አለኝ ኤሌክትሪሻኑ፣ የሞተሩን ጥቅል ይዞ ከኮፈኑ ሥር ቆሞ።

«እና ምን ይሻላል?»

«ከኋላ መብራቱ ጋር አስተኝቼ እወስደዋለሁ። ግን ያጥራል። ቢቀጠል እንዳይቆጡ።»

ቅጥያ እንዳይኖር ነው ይሄን ሁሉ ወጪ የገባሁት፤ ስለዚህ አልተስማማሁም። በሜትር የሚሸጥ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ገዝተን የቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) እና የዘይት መብራቱን መስመር ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምሮ አንድ ወጥ አድርገን ወደ ኋላ ሳብነው። የመኪና ሽቦ ግዙ እንጂ የቤት ሽቦ እንዳታስገቡ። የቤቱ ድፍን አንድ ዘንግ ስለሆነ ንዝረት ይሰብረዋል፤ የመኪናው ባለ ብዙ ክር ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍሬቻና ፍሬን። ኪቱ የተሠራው የድሮ የአሜሪካ መኪና ታስቦ ነው። እነሱ ጋ ብዙ ጊዜ ፍሬንና ፍሬቻ የሚያበራው አንድ አምፖል ስለሆነ የፍሬኑ ሽቦ መጀመሪያ በፍሬቻው ማብሪያ በኩል ያልፋል። የኔ ቮልስ ላይ ግን ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ፍሬቻው ቦግ ይላል። እኛ የፍሬኑን መስመር ከፍሬን ስዊቹ ቀጥታ ወደ ኋላ ወሰድነው፣ አለቀ።

ሦስተኛው የቻርጅ መስመር። ኪቱ የሚጠብቀው አልተርኔተር ነው፣ አዲሱን ዓይነት ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያ። የኔዋ የድሮው ዲናሞ ላይ ናት፣ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተሩም ለብቻው ከኋላ ወንበር ሥር በግራ አለ። ከዲናሞው ወደ ሬጉሌተሩ ሁለት ሽቦ፣ ከሬጉሌተሩ 61 ከሚለው ቁጥር ደግሞ አንድ ሽቦ ክሩስኮቶው ላይ ወዳለው ቀይ መብራት ይሄዳል። ይህቺን ሽቦ ማንም «መብራት ብቻ ናት» ብሎ እንዳይተዋት። ቮልስ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን የሚያዞረው። ቺንጋው ሲበጠስ ቀዩ መብራት ይበራል፤ የሙቀት ጌጅ ስለሌላት ሌላ ቶሎ የሚነግራችሁ ነገር የለም። የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ ያ መብራት ካልሠራ ሞተሩ ሲያልቅ ነው የምታውቁት።

ማሳ ላይ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት መስመር ላይ ግን ኪቱን በጣም ነው የምወቅሰው። ለማሳ የሚሆን በቂ ሽቦ አልሰጠም፣ ቦዲው ይበቃል ብሎ ትቶታል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቦዲ ዝገት ነው፤ በዝገት ላይ ማሳ አይያዝም። ለእያንዳንዱ መብራት ቡናማ ሽቦ ገዝተን ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ አሰርን። ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲው የምትሄደውን የተጠለፈች የማሳ ገመድም አዲስ አስገባን። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ጎማ ላይ ስለሆነ ከባትሪው ማሳ ጋር የምታገናኛቸው እሷ ናት። ከተበጠሰች ሞተር የሚያስነሳው የሞተሪኖው ኃይል መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ መስጫውና በፍሪሲዮኑ ካቦ በኩል ይሄዳል፣ ካቦው ይግላል፣ ይቃጠላል። ፍሪሲዮን ካቦ ቶሎ ቶሎ የምትቀይሩ መጀመሪያ ይህቺን ገመድ እዩ።

ተርሚናሎቹ፦ ቀጫጭን ናቸው፣ ሲጨፈለቁ አይነክሱም። ትንሽ ሳብ ሲያደርጓቸው የወጡ አሉ። ግማሹን ጥለን ከሱቅ ወፍራሙን ገዛን፣ በትክክለኛው መጨፍለቂያ ጨፍልቀን ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ) አለበስናቸው። በፒንሳ እየጨፈለቀ «ይበቃል» የሚል ኤሌክትሪሻን ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሽቦው በቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚጠብቀው ጎማም ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ሳትገዙ እንዳትጀምሩ።

አሁን ደስ ያለኝን ልናገር። የፊት መብራቱን በሪሌ አስደረግን፤ ሪሌ ማለት ማብሪያው በትንሽ ኃይል የሚያዘው፣ ዋናውን ኃይል ከባትሪ ቀጥታ ወደ አምፖሉ የሚያሳልፍ ስዊች ነው። በድሮው ሽቦ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 10.9 ነበር። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ግን የአምፖል ብርሃን ቮልቱ ሲወርድ ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ነው የሚወርደው፣ ይህን ያህል ሲቀንስ ከብርሃኑ ሲሶ በላይ ይጠፋል። አሁን አምፖሉ ጋ 12.2 ይደርሳል። ከጮቄ በኩል ጉም ሲወርድና ከደጀን ወዲህ መንገዱ ነጭ ሲሆን ድሮ ጠርዙን በግምት ነበር የምሄደው፤ አሁን አህያውንም፣ ጋቢ የለበሰውንም ሰው ከሩቅ አያለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቡ አያስቆጨኝም።

ባትሪውን መጀመሪያ ስናገናኝም ቀጥታ አላሰርነውም። በኔጋቲቩ ፖልና በገመዱ መሃል አንድ የፍሬን አምፖል አስገባን። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ቦግ ካለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ሽቦ ግን አይቃጠልም። አልበራም። ከዚያ ነው ገመዱን ያሰርነው።

ዋጋውን ለምትጠይቁ፦ ውጭ አገር ርካሾቹ ዩኒቨርሳል ኪቶች ከ100 ዶላር በታች ይገኛሉ፣ ስም ያላቸው ብዙ መቶ ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ተጨማሪ ሽቦ፣ ተርሚናል፣ ሪሌና የእጅ ዋጋ ደምሩ።

እንግዲህ ማን ይግዛው? የድሮ የአሜሪካ ፒካፕ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይግዛው፣ ለእሱ የተሰፋ ነው። አሮጌ ላንድሮቨር ያለውም ሞተሩ ፊት ስለሆነ ብዙ አይቸገርም። ቮልስ ያለው ግን ለቮልስ ተብሎ የተሠራውን ሙሉ ሽቦ ይዘዝ። ወደድ ይላል። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ቀለሙ የፋብሪካው ነው፦ ቡናማው ማሳ፣ ቀዩ ሁልጊዜ ከባትሪ፣ ጥቁሩ በቁልፍ። የሽቦ መግቢያዎቹ ላይ የተጻፉትን 30፣ 15፣ 31፣ 50 የሚሉትን ቁጥሮች ደግሞ ጀርመን መኪና ላይ የሠራ ኤሌክትሪሻን በቃሉ ያውቃቸዋል።

ስታዙ ዓመቱን በሊብሬው ብቻ አትመኑ፣ ሽቦው በየሞዴሉ ይለያያል። የኋላ ወንበሩን አንሱና መሃል ላይ ባለው ቱቦ መሰል ብረት ላይ የተመታውን የሻሲ ቁጥር አንብቡ። ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ሦስተኛዋ አኃዝ ዓመቷ ናት፤ በ118 ከጀመረ የ1968 ነው። ያንን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩለት።